አዲስ አሽከርካሪና አሮጌ መኪና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ሆኖ የሞተርን አሠራር የማያውቅ አለ ቢባል አድማጭ አያምንም። መሐንዲስ ሆኖ መኪና መንዳት የሚያስጨንቀው አለ ቢባል ግን፣ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል አንገቱን ደፍቶ ፈገግ የሚል አይጠፋም። ዛሬ የሚቀርበው ታሪክ በማወቅና በመቻል መካከል ስላለው ርቀት ነው። ባለታሪኩ ከሙያ ባልደረቦች አንዱ ስለሆነ ስሙ ሳይነሣ «ወጣቱ መሐንዲስ» እየተባለ ይተረካል፤ ይህም በራሱ ፈቃድ ነው።

ወጣቱ መሐንዲስ በ1998 ዓ.ም. ከደመወዙ ያጠራቀመውን ዕቁብ ከደረሰው ገንዘብ ጋር አዳብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስ ገዛ። መኪናይቱ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠዋለች። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና 1,285 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ሲሆን፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይሁን እንጂ ይህ ቍጥር የባሕር ጠለል ቍጥር ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከ40ው ፈረስ የሚቀሩት 32 ያህል ናቸው፤ ያውም ዕድሜ የበላው ሳይታሰብ። ካርቡራተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

ወጣቱ መሐንዲስ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። መኪናይቱን በገዛ በሦስተኛው ቀን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወጣው በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ቀይ መብራት ሲይዘው ግን ይህ ዕውቀት አንድም አልረዳው። አረንጓዴው በራ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣ፤ እንደገና ጠፋ። መኪናይቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክሱን አጮኸ። በዚህ ጊዜ የታክሲው ረዳት ዘሎ ወረደና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር አስደገፈ፤ ቀጥሎም በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በእጅ ፍሬን ይያዟት። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ሲለቁ ድምጿ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑን ይልቀቁት» አለው። ስለ ፍሪሲዮን ከዚህ ያጠረና የተሟላ ትምህርት በየትኛውም ክፍል ውስጥ ተሰጥቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ረዳቱ ለድንጋዩም ለትምህርቱም ዋጋ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት መኪናይቱ እንደ ወጉ የሰፈር መኪና ሆነች። ሙሽራ አጀበች፤ ለቅሶ አደረሰች፤ ባትሪዋ በደከመ ጠዋትም ጎረቤት ሁሉ ገፍቶ አስነሣት። አሽከርካሪውም ልቡ ሞላ። አደጋው የመጣው ይህ የልብ ሙላት በደረሰ ጊዜ ነው። የሚፈራ ጀማሪ ቀስ ብሎ ይሄዳልና፤ መፍራት የተወ ጀማሪ ግን ገና ጀማሪ መሆኑን ይረሳል።

በ1999 ዓ.ም. የአጎቱ ሙት ዓመት በደብረ ሲና ስለሚታሰብ፣ ወጣቱ መሐንዲስ እናቱን አሳፍሮ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጤፍና ሌላ ስንቅ ጭኖ ጉዞ ጀመረ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃን ቁርስ በሉ። ከዚያም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ጣርማ በር ወጡና፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን ያዙ። ያን ቀን ጭጋግ አልነበረም፤ ገደሉ እስከ ታች ይታይ ነበር።

አሽከርካሪው ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል ማርሹን ዜሮ አደረገ። ይህን ከጓደኞቹ ሰምቶ ነበር፤ ዛሬም የሚያደርገው ብዙ ነው። መኪናይቱ በራሷ ክብደት ወረደች፤ እርሱም በየመታጠፊያው ፍሬን እየረገጠ ፍጥነቷን ገታ። ጥቂት እንደ ወረዱ እናቱ፣ «ምንድን ነው የሚሸተው? ጨርቅ የተቃጠለ ይመስላል» አሉ።

«ከውጭ ነው፣ እማዬ» አለ።

ከውጭ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ሁለት መታጠፊያ እንዳለፉ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ በሦስተኛው እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ ቢረግጥ ምንም የሚይዝ ነገር አልነበረም። ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ሲሞክር ማርሹ አጉረመረመና አልገባም፤ በሁለተኛው ሙከራ ገባ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ መሪውንም ከገደሉ በተቃራኒ ወደ ተራራው ጥግ አዞረ። መኪናይቱ ከቦዩ ገብታ የአፈሩን ግድግዳ እየፋቀች ሄዳ ቆመች። ጤፉ ተደፋ፤ የፊት መከላከያው ተጣመመ። ከሰው ወገን የተጎዳ አልነበረም።

ከኋላ ይወርድ የነበረ አሮጌ የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆመና ሸበቶ ሾፌር ወረዱ። ወጣቱ ከጎማዎቹ የሚወጣውን ጭስ አይቶ የውሃ ጀሪካን ሲያነሣ፣ «ተው! ውሃ አታፍስስበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ይቀዝቅዝ» አሉት። ቀጥለውም፣ «በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። «ልጄ፣ ይህን ዳገት ብትወጣው በስንተኛ ትወጣዋለህ? በዚያው ነው የሚወረደው» አሉት።

ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ፤ ፔዳሉም ቀስ በቀስ መያዝ ጀመረ። ሾፌሩ እናቲቱን በጋቢናቸው ለማውረድ ፈቃደኛ መሆናቸውን ሲገልጹ፣ ወጣቱ እናቱ እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ነበር። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «መኪናይቱስ ብረት ናት፤ ትበላሻለች» አሉት። «አንተ ግን ከውጭ ነው አልከኝ።»

እስከ ደብረ ሲና በሁለተኛ ማርሽ፣ ከጭነት መኪናው ኋላ ኋላ እያለ፣ ብቻውን ወረደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደው እንደ ልማዱ ስሌት ያዘ። መኪናይቱ ከነሰዎቿና ከነጭነቷ 1,050 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። 400 ሜትር ወደ ታች ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 4.1 ሚልዮን ጁል ያህል ነው። ይህችው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረች በአንድ ጊዜ ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው 260 ሺህ ጁል ብቻ ስለሆነ፣ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ መውረድ 16 ጊዜ ያህል ደጋግሞ በድንገት እንደ ማቆም ይቆጠራል። የነፋሱና የጎማው ግጭት ጥቂቱን ይቀንሳል፤ የቀረው በሙሉ ወደ አራቱ የፍሬን ከበሮዎች ይገባል። 12 ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከበሮው ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። በዚህ ላይ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚስብ፣ አዲሱ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ ውሃ የጠጣው ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። በኋላ ጋራዥ ሲፈተሽ ከመስመሩ የወጣው ዘይት ቡና ይመስል ነበር። በዜሮ ማርሽ የተቆጠበው ቤንዚን ምናልባት ግማሽ ሊትር አይሞላም።

እዚህ ላይ በመንገድ ሥራ የተሰማራችሁ ባልደረቦች አንድ ነገር ብታስቡበት መልካም ነው። በቁልቁለት ራስ ላይ የሚተከለው ምልክት የተዳፋቱን መጠን በመቶኛ ይናገራል። መቶኛ ግን ለመሐንዲስ የተጻፈ ቋንቋ ነው፤ ያውም ወጣቱ መሐንዲስ መቶኛውን እያነበበ ማርሹን ዜሮ አድርጓል። ከሥሩ «በከባድ ማርሽ ውረድ» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ቢጨመር ወጪው ቀለም ብቻ ነው።

የመልሱ ጉዞ በሦስተኛው ቀን ሆነ። እናቱ በፊት ወንበር፣ በቦታቸው ተቀመጡ፤ ስለ ሽታውም ደግመው አላነሡም። ጣርማ በርን ወጥተው፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ አዲስ አበባ ገብተው በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ጠየቁ።

«ማርሽ ገብቷል?»

«ገብቷል፣ እማዬ።»

«ስንተኛ?»

«ሁለተኛ።»