ከትምህርት ቤት የወጣው ቪዲዮ

ዛሬ የምናወራው በየስልካችን ስለሚደርሱን የጤና ወሬዎች ነው። ጉዳዩ ሰፊ በመሆኑ አንዱን ብቻ ልያዝ፤ ለሴት ልጆች ስለሚሰጠው የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባት የሚወራውን።

ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሁሉ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆች፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከተቡ ዘመቻ ተካሄደ። ክትባት በመጣ ቁጥር ታዲያ «ልጆቻችንን ሊያመክኑ ነው» የሚል ወሬ አብሮ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የድምፅ መልእክት ነው። ተናጋሪዋ ስሟን አትናገርም፤ «አንድ ዶክተር ነው የነገረኝ» ትላለች፤ መጨረሻ ላይ «ለእህቶቻችሁ አድርሱ» ብላ ታሳስባለች። ለእኛ የሚያደርሰን ግን ባዳ አይደለም። አክስታችን ናት፣ የዕቁብ ጓደኛችን ናት፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህታችን ናት። የወሬው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ላኪዋን ስለምንወዳት መልእክቱን መመርመር ይከብደናል። እሷም የላከችልን ስለምታስብልን ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ የወላጅን ውሳኔ እንዴት እንደሚለውጥ ቁልጭ ብሎ የታየው በኮሎምቢያ ነው። በሰሜን ኮሎምቢያ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያች ከተማ፣ ቀደም ሲል የተከተቡ ተማሪዎች ራሳቸውን መሳት ጀመሩ። እጅና እግራቸው ይደነዝዛል፣ ራስ ምታቱ ይጸናባቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልጆቹን ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ሲያስገቧቸው የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቁ፤ ቴሌቪዥኑም ተቀበላቸው። ቪዲዮው በተሰራጨ ቁጥር የሚወድቁት ልጆች በዙ። በመጨረሻ ከ500 በላይ ሆኑ።

የአገሪቱ የጤና ተቋም መርምሮ ከክትባቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳላገኘ ተናገረ። የደረሰበት ድምዳሜ ፍርሃት በቡድን ውስጥ የሚያስከትለው የሰውነት ምላሽ ነው የሚል ነበር። ይህን በጥሞና ስሙኝ፤ ልጆቹ እያስመሰሉ ነበር ማለት አይደለም። ድንጋጤ የልብ ምትን ያዘገያል፣ የደም ግፊትን በድንገት ያወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቀንስ ሰው ይወድቃል። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል። ልጅ ጓደኛዋ ስትወድቅ አይታ ብትወድቅ ሕመሙ የእውነት ሕመም ነው፤ መንስኤው ግን መርፌው ውስጥ ያለው ነገር አይደለም።

ወላጆቹ ግን «ፍርሃት ነው» የሚለውን ሲሰሙ እንደ ስድብ ቆጠሩት። ልጁ ፊቱ የወደቀችበትን አባት «በሐሳቧ ነው» ብሎ መሸኘት ወደ ስልኩ መልሶ መግፋት ነው፤ እዚያ የሚያምነው ያገኛልና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቀድሞ ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የተከታቢዎች ቁጥር ወደ 14 በመቶ ወረደ። በጃፓንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ክትባቱን ማበረታታት ሲያቆም 70 በመቶ ገደማ የነበረው ሽፋን ከ1 በመቶ በታች ሆነ። ማበረታታቱ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

የዚህ ወሬ ትልቁ ጉዳት ዋጋው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የ12 ዓመት ልጇን ከክትባት የከለከለች እናት ያን ዕለት ልጇ ደህና ሆና ታያታለች፤ በዓመቱም ደህና ናት። ወሬው ትክክል ይመስላል። ልጅቷ በ30ዎቹ ዕድሜዋ ደም ሲፈሳት ያን የድምፅ መልእክት የሚያስታውስ የለም።

አሁን ወደ ራሱ ጥያቄ ልመለስ። «ያመክናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው መልስ ያስፈልገዋል። ክትባቱ ውስጥ ከቫይረሱ ያለው ውጫዊ ሽፋኑን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የሚራባ ቫይረስ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ባለሙያዎች መረጃውን ደጋግመው ፈትሸው ከመካንነት ጋር የሚያያዝ ነገር አላገኙም። አውስትራሊያ ለሴት ልጆቿ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዛሬ እናቶች ናቸው። «ለምን ሴቶችን ብቻ?» ለሚለውም፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወንዶችንም ትከትባለች። እኛ ዘንድ ሴቶች የቀደሙት ካንሰሩ የሚይዘው የማህፀንን በር ስለሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ማህፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማህፀንን አውጥቶ መጣል ይሆናልና።

ክትባቱ ይከላከላል ወይ ለሚለው ደግሞ፣ የስዊድን ተመራማሪዎች ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ ካንሰሩ ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ወሬውን የመለሰችው አየርላንድ ናት። እዚያም ሽፋኑ ከ87 በመቶ ወደ 51 በመቶ ወርዶ ነበር። ሎራ ብሬናን የምትባል ወጣት በ24 ዓመቷ ይህ ካንሰር ያዛት፤ ሊድን እንደማይችል ሲነገራት የአገሪቱን የጤና አገልግሎት ራሷ አግኝታ ልርዳችሁ አለች። በየመገናኛ ብዙኃኑ ፊቷን አሳይታ፣ ስሟን ጠርታ ለወላጆች ተናገረች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በ26 ዓመቷ አረፈች፤ ሽፋኑም መልሶ አድጓል። ስም ያለው ድምፅ ስም ከሌለው ድምፅ ይበልጥ ተሰማ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ፣ የላከችላችሁን እህት በሰው ፊት አታዋርዷት። ለብቻዋ ደውሉና «ዶክተሩ ማን ነው? የት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ። መልስ ከሌለው ለሌላ አታስተላልፉት። ጥያቄውን ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አድርሱ።

ልጃችሁ በምትከተብበት ዕለት ቁርስ በልታ ትሂድ፤ ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ ብላ ትቆይ፣ ያን ጊዜ ቢያዞራት እንኳ አትወድቅም። ክንዷን ሊያማት፣ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃታል። ክትባቱ ያመለጣችሁ እናቶች ደግሞ፣ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ምንም ሕመም ባይሰማችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉልኝ በሉ። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ምርመራውን ከ25 ዓመት ጀምሩ።