በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፦ «ሙሉ» የሚባለው መቼ ነው?

(አጭር ሙዚቃ፣ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ አንድ የከላላ ወጣት መካነ ሰላም ላይ በቀን ሥራ ተቀጥሮ ሕንፃ ሲገነባ ከርብራብ ወደቀ እንበል። ሕጉ ምን ይለዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጉዳትን በደረጃ ይለያል። ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ከሥራ የሚያግድ ከሆነ ጊዜያዊ ነው። የማይድን ሆኖ የመሥራት ችሎታን ከቀነሰ ዘላቂ ከፊል ይባላል። የማይድን ሆኖ ገቢ የሚያስገኝ ማናቸውንም ሥራ ከከለከለ ግን ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ነው። መልክን ክፉኛ ያበላሸ ጉዳትም፣ መሥራት ባይከለክል እንኳ፣ እንደ ዘላቂ ከፊል ይቆጠራል።

ደረጃውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ እንጂ አሠሪው አይደለም።

ልዩነቱ በገንዘብ ይታያል። የኢንሹራንስም የጡረታም ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ ጉዳት ከደረሰበት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል። ደመወዙ በወር 4,000 ብር ቢሆን 240,000 ብር ማለት ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ከፊል ሆኖ 40 በመቶ ከተባለ ደግሞ 96,000 ብር።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ልብ በሉ! ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ ካሳ ላያገኝ ይችላል። በገዛ ማሳው የሚያርስ ገበሬም ተቀጣሪ ስላልሆነ አዋጁ አይመለከተውም። ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ሳይዘገይ ለአሠሪው ያስታውቅ፤ የሕክምና ማስረጃውንም በእጁ ይያዝ።