ሳይፈርስ እንጠይቅ
(ለመስጂድ ጀመዓ ከተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህት ወንድሞች! ዛሬ የምንነጋገረው አዲስ ግንባታ በመጣ ቁጥር ጥንታዊ መስጂዶቻችንና አካባቢያቸው ምን እንደሚደርስባቸው ነው። ጉዳቱን ማን ይመዝናል? መቼስ ይመዝናል?

ከደጃችን እንጀምር። እኛ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቁርኣን ቀርተን ዛሬ የምናስቀራ ነን። ከመድረሳችን አጠገብ አንዲት ትንሽ አሮጌ መስጂድ አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎኗ ፎቅ ቤት ተሠራ። አቤት ስንል “ፈቃድ አለው፤ መስጂዱን ማንም አልነካም” ተባልን። እውነት ነው፤ አጥሯን ማንም አላለፈም። ነገር ግን ከፎቁ ጣሪያ የሚወርደው የክረምት ውኃ ግድግዳዋ ሥር ይተኛ ጀመር። አሮጌው ግንብ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ነው። እርጥበት ሲዘልቀው ጭቃው ይለሰልሳል፤ ድንጋዩም ይላቀቃል። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ሆዱን ነፋ። ጠዋት በምሥራቁ መስኮት ይገባ የነበረው ብርሃንም ቀረ፤ ልጆቹ ዛሬ የሚቀሩት በቀን መብራት አብርተው ነው።

የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅ። ግድግዳውን እናድናለን ብለን ገንዘብ አዋጥተን በሲሚንቶ ለሰንነው። ባለሙያ አልጠየቅንም፤ ፈቃድም አላወጣንም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያደርቀውም። ልስኑ ከነድንጋዩ ተገንጥሎ ወደቀ። ንያችን ኸይር ነበር፤ ውጤቱ ግን ጉዳት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ነው።

ውድ እህት ወንድሞች! ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጂዶችና 102 የወሊዮች ቀብሮች ተቆጥረውለታል። ከመስጂዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ስለ ቀብሮቹ የየራሳችን አመለካከት ሊኖረን ይችላል፤ የዛሬው ርዕሳችን እርሱ አይደለም። ልብ እንድንል የምንፈልገው የተመዘገበው ይህ ወይም ያ ሕንፃ ለብቻው አለመሆኑን ነው። የተመዘገበው በግንቡ የተከበበው ከተማ ነው፤ አምስቱ በሮች፣ ጠባብ መንገዶቹ፣ ቤቶቹና መስጂዶቹ በአንድነት። አንድ መስጂድ ቆሞ መንገዱ ከተዘጋ፣ ሚናራው በፎቅ ከተሸፈነ፣ ጀመዓው ከሰፈሩ ከተነሳ፣ ቆመ የምንለው ምኑ ነው?

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሐጅ ያደረጋችሁ መካ ላይ በዓይናችሁ አይታችኋል። ከሐረም አጠገብ በነበረው ኮረብታ ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማኖች የተሠራ አጅያድ የሚባል ምሽግ ነበር። እ.ኤ.አ በ2002 ምሽጉ ፈረሰ፤ ኮረብታውም ተደለደለ። ዛሬ በቦታው 601 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ከነሆቴሎቹ ቆሟል። ለሑጃጁ ማረፊያ ማስፈለጉን የሚክድ የለም። ካዕባንም ማንም አልነካም። ነገር ግን በመጧፊያው ቆሞ ቀና የሚል ሰው የሚያየው ሰማይ አባቶቻችን ያዩት አይደለም። ምሽጉም ተመልሶ አይሠራም። የአካባቢ ጉዳት የምንለው ይህን ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ልማትን አንቃወምም። ውኃ፣ መንገድ፣ ቤት ሁላችንም እንፈልጋለን። የምንጠይቀው ሚዛኑ ከግንባታው በፊት እንዲቀመጥ ነው። ሕጉም ይህንኑ ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 “ተጽዕኖ” ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ ከአፈርና ከውኃ ጎን የባህል ቅርስንም ቆጥሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሕዝብ በልማት የመሳተፍና ሐሳቡን የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ግዴታ አድርጓል። በሲሚንቶው የተላለፍነው ይህንን ነው።

ሚዛኑ አራት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛ፣ ዛሬ ያለው ምንድን ነው? ዕድሜው፣ አሠራሩ፣ ወቅፉ፣ መንገዱ፣ ከየት እንደሚታይ ተመዝግቧል ወይ? ሁለተኛ፣ አዲሱ ሥራ ምን ያመጣል? የመሠረት ቁፋሮው፣ የማሽኑ ንዝረት፣ ውኃው፣ ጥላው፣ ከፍታው፣ ጫጫታው ይቆጠር። ዛሬ አንድ ሱቅ፣ ነገ ሌላ ሲጨመር የሚጠራቀመው ጉዳትም ይታይ። ሦስተኛ፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ? አንድ ፎቅ ቢቀነስ፣ ጥቂት ሜትር ቢርቅ፣ አሸንዳው ወደ ሌላ ቢዞር? አራተኛ፣ የሚሰግዱበትና የሚኖሩበት ሰዎች ተጠይቀዋል ወይ? ከተወሰነ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር አይባልም። በእኛ መስጂድ ላይ ሦስተኛውን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ ቢኖር ኖሮ አንድ አሸንዳ ግድግዳውን ባተረፈው ነበር።

የእኛ ድርሻ ከዛሬ ይጀምራል። እያንዳንዱ ጀመዓ መስጂዱን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሳ፤ ግድግዳውን ይለካ፤ ስንጥቁ ላይ ቀን ይጻፍ። ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ወጣቶች በጽሑፍ ያስፍሩ። የወቅፍ ሰነዶች ቅጂ ይኑራቸው። የግንባታ ወሬ ስንሰማ ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ደብዳቤያችን መዝገብ ቁጥር ይኑረው። መልስ ከተከለከልን በሰላም፣ በትዕግሥትና በአንድ ድምፅ ደግመን እንጠይቅ። ድንጋይ የምንወረውር ሳይሆን ድንጋያችንን የምንጠብቅ ሰዎች ነን።

ዲናችን ጎረቤትን መጉዳት ይከለክላል። መስጂድም ጎረቤት ነው፤ አሮጌ ጎረቤት። አፍ አውጥቶ ስለማይከስ ምስክሩ እኛ ነን። ይህን አማና ከአባቶቻችን በእጃችን ተረክበናል፤ ለልጆቻችን በፎቶ ብቻ እንዳናስረክብ አላህ ይርዳን።

አላሁ አክበር! ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።