ጋዙ ለከተማ፣ ዝቃጩ ለአርብቶ አደሩ?

(አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምናገረው ስለ ካሉብ ጋዝና ስለ ግልገል ጊቤ 3 ነው። አንዱ ሶማሌ ክልል በረሃ ውስጥ፣ ሌላው ኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው ባለአገሩ በወጉ ሳይጠየቅ መጀመራቸው ነው።

ካሉብ ከአዲስ አበባ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሽላቦ አካባቢ ነው። ጋዙን በ1960ዎቹ አጋማሽ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ቴኔኮ ወጣ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ እነሱም ሄዱ። ኢሕአዴግ ሲገባ የዓለም ባንክ ብድር መጣ፤ ኋላ ደግሞ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ከዚያም የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር «ጋዙ ሊወጣ ነው» ይባልልን ነበር። ሰኔ 2010 ዓ.ም ከሂላላ የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ወጣ ተብሎ እልል አልን። በመጨረሻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት። ያኑ ዕለት የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራም፣ ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር የሚተከለው የማዳበሪያ ፋብሪካም ተጀመረ ተባለ። የፋብሪካው ወጪ ብቻ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው።

በዚህ መሀል ደም ፈሷል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ካምፕ በተፈጸመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ጥቃቱን የፈጸመው ኦብነግ ነው። ከዚያ በኋላ በተከፈተው ዘመቻ ደግሞ ፍዳውን ያየው ከጋዙ አንዲት ሊትር ያላገኘው የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነው። የጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈር መሰርሰሪያው እንዳይግልና የተፈጨው ድንጋይ ወደ ላይ እንዲወጣ ጭቃ ይገፋበታል። ተራ ጭቃ እንዳይመስላችሁ፤ ኬሚካል አለበት። ከጋዙ ጋርም ጨዋማ ውሃ ይወጣል። ይህ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሥሩ በደንብ ካልተነጠፈ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤቱ ድረስ የገባ ቧንቧ የለውም። የሚጠጣው በብርካ ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ነው፤ ሰውም ግመልም ከዚያው።

የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በ2012 ዓ.ም የካሉብ አካባቢ ነዋሪዎች ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ እየሞቱ መሆናቸውን፣ ምክንያቱም የቁፋሮው መርዛማ ቆሻሻ ነው ብለው እንደሚጠረጥሩ ጻፈ። ባለሥልጣኖቻችን አስተባበሉ። እሺ፣ ያስተባብሉ። ግን በምን? ማስተባበያ ሌላ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሌላ። የእያንዳንዱ ብርካና የእያንዳንዱ ጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ በሶማሊኛ ይነገራቸው። ይኼ ምኑ ከበደ? 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለሚያንቀሳቅስ መንግሥት የውሃ ምርመራ ዋጋ ስንት ነው?

ኦሞም ያው ነው። ጊቤ 3 ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋዋት፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ግንባታው የተጀመረው በ1998 ዓ.ም ሲሆን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው በ2000 ዓ.ም ነው። ሙሽራዋ ቤት ከገባች በኋላ ሽማግሌ መላክ ማለት ይኼ ነው! ታች ያሉት ዳሰነችና ካሮ፣ ሙርሲና ክዌጉ ማሽላቸውን የሚዘሩት ክረምት የሞላው ወንዝ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ ነበር። ግድቡ ውሃውን ያዘ፣ ጎርፉ ቀረ። በጥናቱ ላይ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅላቸዋል የሚል ተስፋ ተጽፎ ነበር። ወረቀት ላይ ማሽላ አይበቅልም።

ለነገሩ ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ በ1952 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር መብራቱ ወደ ከተማ መጣ፤ የአዋሽ ዳር ግጦሽ ደግሞ ሐይቅ ሆኖ ቀረ። እኛ አዲስ አበቤዎች በዚያ መብራት አንብበናል።

«ሕግ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ሕግማ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ለግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። አንቀጽ 43 ሕዝብ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አስተያየቱ ሊጠየቅ ይገባል ይላል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ያገኛል ይላል። የካሳ አዋጁም ቢሆን ተሻሽሏል። የቀድሞው ቁጥር 455 ዓይኑ ያረፈው ቤትና ሰብል ላይ ነበር፤ በ2011 የወጣው ቁጥር 1161 የወል መሬትንም አስገብቷል። ይሁን እንጂ የበጋ ግጦሽና ወደ ውሃ የሚወስድ የግመል መንገድ በስንት ብር ይተመናል? ተማኙ ከወረዳው የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ባለግመሉ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይተምንም።

እንዲህ ስንናገር «የልማት ጠላት» እንባላለን፤ ለምደነዋል። እኔ ጋዙ መሬት ውስጥ ይቅር አላልኩም። ከአገሩ ሰው ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም፤ ገበሬው ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛለት። ይውጣ! ግን ከካሉብ የተጫነው ቦቴ አጠገቡ ሲያልፍ ኩራዝ የሚያበራ ሰው «ልማት መጣልህ» ቢባል ምን ብሎ ይቀበል? ጊቤ 3ንም ገና ከመሠራቱ በፊት የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያኔም ጠላት ተባሉ።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ የምጠይቀው ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ከሂላላ ወደ ጎዴ የሚዘረጋው ቱቦ በማን ግጦሽ ላይ ያልፋል? ፋብሪካው ከዋቤ ሸበሌ ስንት ውሃ ይቀዳል? የቁፋሮው ዝቃጭ የት ይቀበራል? ጥናቱ ካለ ሽላቦና ጎዴ ላይ በሶማሊኛ ተባዝቶ ይበተን፤ ከሌለ የለም ይበሉን። የማዕድን ሚኒስቴር ሰዎች እዚህ አዳራሽ ካላችሁ ማይክራፎኑን ለእናንተ እለቃለሁ።