ጡሩምባውና ስልኩ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ማኅበራዊ ሚዲያ በንግድና በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ ያመጣው ለውጥ» የሚል ነው። እኔ እንደምታውቁኝ መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ያረጀሁ ጸሐፊ ነኝ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ፤ ይኸውም መልእክት ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድና ምን ሲጎድለው እንደሚበላሽ ነው።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስልክ ወደ አገራችን ሲያስገቡ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ነበር። ሥራው የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ነው። ያን ጊዜ ታድያ ስልኩ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ነበር። ተራው ሰው ደብዳቤ አጽፎ በመንገደኛ ይልክና መልሱን ሲጠብቅ ይከርማል። ዛሬ የጀጎል እናት ቶሮንቶ ካለ ልጇ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ቡና ታፈላለች። ይኸን በረከት የሚንቅ ሰው ልጁ ርቆት አያውቅም ማለት ነው።

በመጀመሪያ ንግዱን እንይ። ሙዳይና ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ድሮ ቱሪስት እስኪመጣላት ትጠብቅ ነበር። አሁን ሥራዋን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ብትለቀው ባሕር ማዶ ያለ የሐረር ልጅ አይቶ ያዝዛታል። መኪና ግርግር ያለው ልብስ ሰፊም የቀሚሱን ልክ በስልክ ይቀበላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡም በዚያው በስልክ ይገባል። መልካም ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ገበያውን በሰው ቤት ውስጥ የተከለ ሰው ባለቤቱ በሩን ሲዘጋው ውጭ ያድራል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው መቆየታቸውን አትረሱም። ደንበኛውን በዚያ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ያን ጊዜ ደንበኛውን አጣ። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር ጽፎ የያዘ ግን ደውሎ ሸጠ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋውን ስትጠይቁት «በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ አለ። ዋጋ በአደባባይ የማይነገርበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው? ሱቁን የማታውቁትን፣ ፊቱን ያላያችሁትን ሰው ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ፤ ማለት ወደ ሞትና ወደ ኀዘን።

በእኛ ባህል መርዶ ባለቤት አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ የቅርብ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተጠብቆ ማለዳ ይነገራል። የሚይዝ ሰው አጠገብ ይቆማል፣ ውሃ ይቀርባል። ይኸ ሁሉ ያለ ምክንያት የተሠራ ሥርዓት አይደለም። ዛሬ ግን ሰውየው ትንፋሹ እንደ ወጣ አንዱ የወንድም ልጅ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ እኅቱ ወጥ እያማሰለች ስልኳን ስትከፍት የወንድሟን ሞት ታያለች። ማን ያዛት? ማን ውሃ አቀበላት? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በኋላ ቢያጠፉትስ ምን ይጠቅማል?

ፍጥነቱን አልጠላም። ሙስሊም ወንድሞቻችን ጀናዛ አያሳድሩም፤ ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ለቀብር የሚደርሰው መልእክቱ ቶሎ ከደረሰው ነው። ሐረሪዎች አፎቻቸውን፣ እኛም እድራችንን ያቆየነው ግን በመልእክት ብቻ ሳይሆን በመገኘት ነው። በጣት የተጻፈ «ነፍስ ይማር» ቃሬዛ አይሸከምም፣ ድንኳን አይተክልም፣ ከለቅሶኛ ጋር አያመሽም። አሁን አሁን ስልኩ ላይ ጽፎ «ደርሻለሁ» ብሎ የሚቀር ሰው እየበዛ ነው። ለቅሶ ቤቱ ደግሞ በጽሑፍ ሞልቶ በሰው ይጎድላል።

ስለዚህ ጉባኤው ተወያይቶ ቢወስንባቸው የምላቸው አራት ነገሮች አሉ፤

1ኛ. የሞት ማስታወቂያ በእድራችን የቴሌግራም ገጽ የሚወጣው የሟች ቤተ ሰብ ተወካይ «ለቅርብ ሰዎች አርድተናል» ብሎ ለጸሐፊው ካስታወቀ በኋላ ብቻ ይሁን። አባሎችም ከዚያ በፊት እንዳይለጥፉ ይነገራቸው።

2ኛ. ጡሩምባው አይቅር። ከመካከላችን ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ የሌላቸው አሮጊትና ሽማግሌዎች አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ወርሃዊ መዋጮ የከፈለች እናት «ተለጥፎ ነበር፣ ለምን ቀረሽ?» ተብላ ብትቀጣ ነውሩ የእኛ ነው። በጡሩምባ ወይም በሰው ያልተነገረው አባል ስለ መቅረቱ አይቀጣ።

3ኛ. መዋጮ በስልክ መከፈሉ ይቀጥል፤ ግን የስልክ ፎቶ ደረሰኝ አይደለም። ፎቶ ተቀባብቶ ሊሠራ ይችላል። ገንዘብ ያዡ ብሩ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን በዓይኑ አይቶ፣ በመዝገብ አስፍሮ፣ ደረሰኝ ይቁረጥ።

4ኛ. በአባል ስም «ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አንዲት ሳንቲም አትላኩ። የሰው ስምና ፎቶ ሰርቆ የሚለምን ሌባ ሞልቷል።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ያልተጣራ ወሬ ማራባት ነውር ብቻ አይደለም፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። እኛ እዚህ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ሐረሪና ኦሮሞ፣ አማራና ጉራጌ በአንድ ጎረቤት ተቃቅፈን የምንኖር ነን። አንድ ክፉ ጽሑፍ የጎረቤትን በር ያዘጋል። ከማስተላለፋችሁ በፊት ወጥታችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ በሩ እኮ ሩቅ አይደለም። ደግሞም ስልክ የሌላቸውን አባሎች ቤት ለቤት ሄዳችሁ የመንገሩን ሥራ እናንተ ብትይዙልን የጡሩምባ ነፊያችን ድካም ይቀልል ነበር።

የተከበራችሁ አባላት፣ ስልኩ ሰውን ይጥራልን፤ መምጣቱ ግን የእግራችን ሥራ ነው። ሐሳቦቹን ተወያይታችሁ እንድትወስኑባቸው አሳስባለሁ። ፈጣሪ ለከርሞው በጤናና በሰላም ያገናኘን።