የቀልብ ነገር በመጠይቅ ሲለካ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛን የሚቀበለው የይፋት ቆላ ሙቀት ነው። በዚያ ቆላ ማሽላና ማሾ፣ ጤፍና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ ፊደል ባይቆጥርም እንኳ ሥራው ሁሉ በእቅድ ነው። የመስኖ ውሃ ተራው በሌሊት ቢደርስ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ማሽላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቅ ሰው ይመድባል፤ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በችግር ጊዜም ሳይነካ ያቆያል። አስቀድሞ ማሰብን፣ ጊዜን ማወቅን፣ ስሜትን መግታትንና የጀመሩትን መፈጸምን የሚመራው የአእምሮ ችሎታ የዛሬው ንግግሬ ርእስ ነው።

ሕዝባችን ለዚህ ችሎታ ስም አላጣለትም። ቀልቡን የሰበሰበ፣ ቀልቡ የተበተነ፣ ዝንጉ፣ ችኩል እንላለን። ጥያቄው ይህን ነገር በወረቀት እንዴት እንለካዋለን የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በመርማሪ ፊት የሚሠራ ፈተና፣ ሌላው ሰውየው ስለ ራሱ የሚመልሰው መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዴክስ 20፣ በ2005 የወጣው ብሪፍ-ኤ ደግሞ 75 ጥያቄዎች አሉት። ቶፕላክ፣ ዌስትና ስታኖቪች በ2013 ባቀረቡት የጥናቶች ዳሰሳ፣ በፈተናውና በመጠይቁ መካከል የተገኘው ዝምድና አማካይ ስፍራው 0.19 ብቻ ነበር። ይኸውም ሁለቱ አንድ ነገር አይለኩም ማለት ነው። ፈተናው ጸጥ ባለ ክፍል፣ መርማሪው እየመራው ሰውየው የሚችለውን ያሳያል፤ መጠይቁ ግን ሰውየው የዕለት ኑሮውን እንዴት እንደሚያየው ይነግረናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ትምህርት የሚሆነን የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች ያሉት የአእምሮ ጤና መጠይቅ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል አጥርቶ ማሰብን፣ መወሰንንና የዕለት ሥራን የሚመለከቱ አሉበት። ኮርትማንና ተን ሆርን ይህንኑ መጠይቅ በኢትዮጵያ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ጉዳይ ሁለት ነበር፤ መላሹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳውና ለመመለስ ምን እንዳነሣሣው። ሁለቱም ጉዳዮች ዛሬም በይፋት ቆላ ይጠብቁናል።

አንደኛ፣ ቀጠሮን በማስታወሻ ደብተር ስለመያዝ የሚጠይቅ ጥያቄ ደብተር ለማያውቅ ሰው ምንም አይለካም፤ አፋን ኦሮሞ ወይም አርጎብኛ አፉን ለፈታ ሰው ደግሞ የአማርኛው ጥያቄ ሁለተኛ ጋሬጣ ይሆንበታል። ሁለተኛ፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መመለስ ጨዋነት በሆነበት አገር፣ ለእንግዳ ጉድለትን መዘርዘር ቀላል አይደለም። ሦስተኛ፣ ቀልቡ ክፉኛ የተበተነ ሰው መርሳቱን ራሱ ይረሳል፤ ሸክሙን የምታውቀው ባለቤቱ ናት። ጠንቃቃው ግን ጥቂቷን ስሕተት አጋንኖ ይቈጥራል። አራተኛ፣ ነጥቡ ምክንያቱን አይነግረንም። የወባ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጫት፣ እንዲሁም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ድረስ የዘለቀው ጦርነት ያስከተለው ሐዘን ሁሉም ቀልብን ይበትናሉ።

ባልደረቦቼ፤ ነገሩ የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። በነጥቡ ብቻ ከፈረድን፣ ሐዘንተኛውን ዕድሜ ልኩን በሽተኛ ብለን ልንሰይመው እንችላለን፤ እርዳታ የሚሻውንም ጎረቤቶቹ «ሰነፍ» እንዳሉት እንተወዋለን።

ስለዚህ መጠይቁ ይጣል አልልም፤ በአግባቡ እንጠቀምበት እላለሁ። ጥያቄዎቹ ከውሃ ተራ፣ ከዘርና ከገበያ ይነሡ። ዴክስም ሆነ ብሪፍ-ኤ ሰውየውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የሚሞላው ቅጽ አላቸውና የቤተሰብ ምስክርነት አይቅር። «አዎን» ላለን ሰው «መቼ? እንዴት ሆኖ?» ብለን ምሳሌ እንጠይቀው። ችግሩ ከልጅነት የመጣ ወይም ትናንት የጀመረ መሆኑን እንለይ። ከሁሉም በላይ፣ ነጥቡ የምርመራችን መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይሁን።

ማሽላው መድረሱን ለማወቅ ገበሬው ዛላውን በእጁ ይዞ ያያል። እኛም ወረቀቱን ካነበብን በኋላ ቀና ብለን ሰውየውን እንይ።