ስለ ሲሚንቶና ስለ ጭቃ ግድግዳ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ስለ ቤት እድሳት እንድናገር ታዝዣለሁና ነገሬን ከአንድ ከወደቀ ግድግዳ እጀምራለሁ። ቀድሞ ባስተማርሁበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የመማሪያው ቤት የእንጨትና የጭቃ ነበረ። በየዓመቱ መመረጉ ቢሰለቸን ገንዘብ አዋጥተን ሲሚንቶ ገዛንና ጭቃውን ከውጭ አስለሰንነው። ሁለት ዓመት ያህል እንደ ከተማ ቤት አማረ። በሦስተኛው ክረምት ግን አንድ ሌሊት ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተልጦ ወደቀ። ብናየው ጭቃው ረጥቦ፥ ማገሩ በስብሶ፥ ቋሚውንም ምስጥ በልቶት አገኘን። ቀን ቢሆን ኖሮ በግድግዳው ሥር የሚቀመጡት ሕፃናት ነበሩ። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ጣልን፤ ያዘዝነው ግን እኛ ነበርን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኰማተራል። ሲሚንቶ ግን አንድ ጊዜ ከጠጠረ በኋላ ከጭቃው ጋራ አይሄድምና ይሰነጠቃል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፥ ከመሬትም እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል። ምርጉ ጭቃ ቢሆን እርጥበቱ በፀሐይ ተንኖ በወጣ ነበር፤ ሲሚንቶው ግን እንደ ድስት ክዳን ስለሚከድነው፥ ውጭው ደረቅ መስሎ ውስጡ ይበሰብሳል።

ይህ ነገር በጭቃ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። የጎንደር ግንቦች ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ ሳለ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፥ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው፤ በኋላ የጠገኗቸው ሰዎች ግን ለአሮጌው ግንብ የሚስማማው ኖራ እንደ ሆነ አይተው ወደ እርሱ ተመለሱ።

ሲሚንቶ አይረባም ማለቴ አይደለም። ስፍራው ውሃ በሚበረታበት ነው፤ ይኸውም በድንጋይ መሠረት፥ በወለል፥ በውሃ መውረጃና በጕድጓድ አፍ ነው። ለድንጋይ ማያያዣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አሸዋ ጋራ ይበቃል። አሸዋውን አስቀድሞ መመርመር ይገባል፤ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋራ ነቅንቃችሁ ብታሳድሩት አሸዋው ከታች፥ አፈሩ ከላይ ይተኛል። አፈሩ ከበዛ አሸዋው ይታጠብ። ውሃ በብዛት የፈሰሰበት ሲሚንቶ ለማቡካት ይቀላል፥ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው። የተቦካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ መጠጠር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ከሥራው በኋላ ያለውን ነው። ሲሚንቶ የሚጠጥረው ውሃው ስለ ደረቀ ሳይሆን ከውሃው ጋራ ስለ ተዋሐደ ነው። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ገና ያልተቦካውን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡት፥ እርጥበት ያበላሸዋልና። የተቦካ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፥ ለዓይንም እጅግ ክፉ ነው፤ ተማሪዎች በባዶ እጃቸውና በባዶ እግራቸው አይንኩት።

እኛም ግድግዳችንን እንደ ገና ስናቆም መሠረቱን አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ አድርገን በድንጋይና በሲሚንቶ ሠራን፥ የጣራውንም ክፈፍ ዝናቡ እንዳይደርስበት አስረዘምነው። ከዚያ በላይ ያለውን በጤፍ ጭድ ታሽቶ ብዙ ቀን በቦካ ጭቃ መረግነው፥ ኖራም ቀባነው። የጭቃውን መብሰል የነገሩን የመንደሩ እናቶች ናቸው፤ እኛ መምህራኑ ሦስት ቀን ይበቃል ስንል እነርሱ በእግራቸው ረግጠው፥ በአፍንጫቸው አሽትተው፥ «ገና ነው» እያሉ አንድ ሳምንት አስቆዩን።